የወፍጮው ጌታ ድምፅ ሲለምኑ

አሜሪካ ከእንግሊዝ ንጉሥ ተላቃ ብዙም ሳትቆይ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ምርጫ የሚካሄደው በአፍ ነበር። መራጩ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ የሚመርጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ተወዳዳሪዎቹም ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሰሙታል።

ፌዴራሊስት የተባለው ፓርቲ ተወዳዳሪ ሚስተር ቶርንበሪ የግዛቱ ምክር ቤት አባል ናቸው። የአካባቢው ብቸኛ ወፍጮም የእሳቸው ነው። የዚያን ቀን ግን ተቀናቃኞቻቸው ሪፐብሊካኖቹ እያየሉ ስለመጡ፣ መራጩን ሁሉ በዓይናቸው ይለኩት ጀመር። አንድ በርሜል ሠሪ ተራው ደርሶ ሲቀርብ፣ አፉን ሳይከፍት ቀደሙት።

«ስም ከመጥራትህ በፊት፣ በቆሎህን የት እንደምታስፈጭ እስቲ ለሕዝቡ ንገር።»

 ካልመረጣቸው ወፍጮው እንደሚዘጋበት ለሁሉም ገብቶታል።

በርሜል ሠሪው ባርኔጣውን አወለቀ። «እርስዎ ወፍጮ ቤት ነው ጌታዬ። ለወፍጮዎ መቼም እንከን አይወጣለትም። በቆሎዬን ስሰጠው አገር የሚሰማው ድምፅ ያሰማል፤ ዱቄቴንም ይመልስልኛል። ለእርስዎ ግን ባለፈው ምርጫ ድምፄን ሰጥቼዎት ምክር ቤት ይዘውት ገቡ፤ እስከ ዛሬ እዚያ የሰማው ሰው የለም።»

ሚስተር ቶርንበሪ ፊታቸው ቀላ። «ታዲያ ማንን ልትመርጥ ነው?»

«ወፍጮውን ነበር» አለ በርሜል ሠሪው፤ ከዚያም ድምፅ ወደሚመዘግበው ጸሐፊ ዞረ። «እሱ ስላልተወዳደረ፣ ለሪፐብሊካኑ ለሚስተር ፔል ይጻፉልኝ።»