የንቡ ገጽ

አንዲት ሴት ነበረች፣ ወገኖቼ። በአንድ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ትሠራለች። ሥራዋን ትወዳለች፣ ሰው ማስቀየም ግን አትወድም። ስሟን እልፍነሽ እንበላት።

ሥራዋ ምን ነበር? በመንግሥት ትምህርት ቤት ተቀምጠው ማንበብ ያቃታቸው ልጆች አሉ አይደል? እነዚህን ልጆች ከክፍል በኋላ እንዲያስጠኑ መንግሥት የግል ድርጅቶችን ቀጥሮ ነበር። እልፍነሽ እየዞረች ድርጅቶቹን ትመዝናለች። "በጣም ጥሩ" ካለች ሥራቸው ይቀጥላል፤ "አልሆነም" ካለች ይሰናበታሉ። ቀላል ሥልጣን እንዳይመስላችሁ!

አንድ ልማድ ነበራት። ከመሄዷ በፊት ትደውላለች።

"ነገ ብቅ እላለሁ፤ ድንገት መጥቼ እንዳልረብሻችሁ ብዬ ነው" ትላቸዋለች። ጨዋ ናታ! ሳይናገሩ ሰው ደጅ መቆም ነውር ነው ተብላ ነው ያደገችው። ይህንኑ ጨዋነት ይዛ መሥሪያ ቤት ገባች።

በማግስቱ ስትደርስ ክፍሉ ተጠርጎ ይጠብቃታል። አስጠኚው ራሱ መጽሐፉን ገልጦ ለአንዱ ልጅ ያቀብለዋል። ልጁ ተነስቶ ስለ ንብ ያነባል። "ንብ ከአበባ ወደ አበባ ትበራለች። ንብ ሥራ አትፈታም።" አንዲት ቃል አይሳሳትም! እልፍነሽ ደስ ይላታል፣ የልጁን ራስ ደባብሳ "በጣም ጥሩ" ብላ ትመለሳለች።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ክፉ ናት? አይደለችም። ሰነፍ ናት? እሱም አይደለችም። ግን አንድም ቀን ያንን መጽሐፍ በራሷ እጅ ገልጣ አታውቅም።

አሁን ወደ ቤቷ እንግባ። በግቢዋ ውስጥ የተከራዩ እናትና ልጅ ነበሩ። ልጅቱ ፍሬሕይወት ትባላለች፤ አራተኛ ክፍል ናት። እዚያው እልፍነሽ የምትቆጣጠረው ድርጅት ዘንድ ታጠናለች። አንድ ቀን ለእልፍነሽ ተነስታ ያነበበችውም እሷ ነበረች። እልፍነሽ በኩራት ልትፈነዳ ደረሰች። ማታ ግቢው በሞላ ሰው ፊት "የኔ ጎበዝ! ጥርት አድርጋ እኮ ነው የምታነበው!" አለች። የልጅቱ እናት ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት፤ እንባዋ መጣ። ልጅቱ ግን አንገቷን ደፋች። ሁሉም "አይ ጭምትነት!" አሉ።

ጭምትነት ነበር እንዴ? ቆዩ፣ እንደርስበታለን።

እልፍነሽ አሮጊት እናት አሏት፤ እማማ ደብሪቱ። ዓይናቸው ደክሟል፣ እግራቸው ላይ ቁስል ወጥቶባቸዋል፣ በዚያ ላይ ሳል ይዟቸዋል። ከመድኃኒት ቤት ሁለት ጠርሙስ መጣላቸው። ሁለቱም ቡናማ፣ ሁለቱም አንድ ልክ። አንዱ የሳል ሽሮፕ ነው። ሌላው ቁስል ማጠቢያ ነው፤ ከተጠጣ አንጀት ይበጣጥሳል። ባለመድኃኒት ቤቷ "አደራ!" ብላ ነው የሰጠቻት። እልፍነሽም ጠንቃቃ ናትና በወረቀት ጽፋ ለጠፈችባቸው። በአንዱ ላይ "የሚጠጣ"፣ በሌላው ላይ "የሚታጠቡበት፣ አይጠጣም"።

የዚያን ቀን የቤት ሠራተኛዋ ለቅሶ ደርሶባት አገሯ ሄዳለች። እልፍነሽ ደግሞ ሥራ መግባት አለባት። ታዲያ ማንን ትጥራ? ጎበዟን ልጅ ጠራቻት።

"ፍሬዬ፣ ዛሬ ትምህርቱም ጥናቱም ይቅርብሽና እማማ ጋ ዋይልኝ። ከሰዓት ሲያስላቸው አንድ ማንኪያ ትሰጫቸዋለሽ። ላዩ ላይ ጽፌዋለሁ፤ እያነበብሽ ነው የምትሰጪው፣ እሺ?"

"እሺ፣ እትዬ" አለች ልጅቱ።

እልፍነሽ ሄደች። ቢሮ ስትገባ አለቃዋ "የነዚያን አስጠኚዎች ግምገማ ዛሬውኑ እፈልገዋለሁ" አላት። እንደ ልማዷ ልትደውል ስልኳን አወጣች። መስመር የለም። በከተማው በሙሉ ተቋርጧል። ብትፈልግ ባትፈልግ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትደውል ሄደች።

ወገኖቼ፣ ሳይጠሩ መሄድ ምን እንደሚያሳይ ታውቃላችሁ?

ክፍሉ አቧራ ነው። አስጠኚው ወጣት ወንበር ላይ እግሩን ሰቅሎ ተቀምጧል፤ ልጆቹ ይጯጯሃሉ። ሲያያት ብድግ አለ።

"እንዴ እትዬ! ዛሬ እንደሚመጡ እኮ አልነገሩንም!"

"ስልኩ እምቢ ብሎኝ ነው" አለች፤ ይቅርታ የምትጠይቅ እሷ! አስጠኚው መጽሐፉን ፍለጋ ሲራወጥ እስኪያቀብል አልጠበቀችም። ከፊቷ ካለው ዴስክ አንዱን አንስታ እንዲሁ ገለጠችና አንዲት ልጅ አስነሳች። ገጹ ላይ ትልቅ ወንዝ ተስሏል፣ ጀልባም አለበት።

ልጅቱ ጣቷን ከወንዙ ሥር አድርጋ ጀመረች። "ንብ ከአበባ ወደ አበባ ትበራለች። ንብ ሥራ አትፈታም።"

እልፍነሽ ሌላ ገጽ ገልጣ አስነበበቻት። ንብ። ሌላ ልጅ አስነሳች። ንብ። ጣታቸው በፊደሉ ላይ ይሄዳል፤ አፋቸው ግን የሸመደደውን ይላል። አስጠኚው ላብ አጠመቀው። "እትዬ፣ እሱን ገና አላጠኑም፤ የንቡን ይጠይቋቸው እንጂ" አላት።

መጀመሪያ ተናደደች። "ይህን ሁሉ ጊዜ ስታታልሉኝ!" ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ፍሬሕይወት ያነበበችላት ምን ነበር?

ንብ።

እናቷ ቤት ናቸው። ሁለቱ ጠርሙሶች አልጋው አጠገብ ናቸው። "እያነበብሽ ስጪያቸው" ብላ አዛ ነው የወጣችው። ማንን? እሷው "በጣም ጥሩ" ያለቻትን ልጅ!

ስልኳን አወጣች። መስመር የለም። ደግማ ሞከረች። የለም። ሮጣ ወጥታ ባጃጅ ላይ ዘለለች። "ቶሎ በለው፣ እናቴን ገድያቸዋለሁ!" አለችው። ባለባጃጁ ደንግጦ ነዳ፤ ገበያው መሐል ግን መኪና ተቆላልፎ ቆመ። ወርዳ በእግሯ ሮጠች። ነጠላዋ ወደቀ፣ አላነሳችውም። እናቷ በየሰዓቱ የሚያስላቸው ሴት ናቸው፤ የተሰጣቸውን ሳይጠይቁ የሚጠጡ ሴት ናቸው። "አምላኬ ሆይ፣ ዛሬ ብቻ አያስላቸው! ዛሬን ብቻ!" እያለች ትሮጣለች። እንዲህ ያለ ጸሎት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው የገዛ ቃሉ ውሸት ሆኖ ሲያሳድደው እንዲህ ነው የሚጸልየው።

ግቢ ደረሰች። የእናቷን በር ገፋችው።

እማማ ደብሪቱ አልጋው ላይ እያቃሰቱ ያስላሉ። ፊታቸው ጠቁሯል፣ ደረታቸው ይንሿሿል። ግን አሉ! ፍሬሕይወት መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለቱን ጠርሙሶች በሁለት እጇ ጨብጣለች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ሁለቱም ጠርሙሶች አልተከፈቱም።

"የትኛውን አጠጣሻቸው? ንገሪኝ!"

"አንዱንም። የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም። ፈራሁ፣ እትዬ።"

እልፍነሽ ልጅቱ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እናቷ ተረፉ። የተረፉት በእሷ ጥንቃቄ አልነበረም፤ በልጅቱ ፍርሃት ነው።

"ታዲያ አንቺ ልጅ፣ ጠዋት ለምን አልችልም አላልሽኝም? እሺ፣ ጎረቤት ጠርተሽ ለምን አላስነበብሽም? እማማ እኮ ሲሠቃዩ ዋሉ!"

ልጅቱ እንዲህ አለች፦

"እርስዎ በሰው ሁሉ ፊት ትችላለች ብለዋል። እናቴም አልቅሳለች። አልችልም ብል ሁላችሁም ታፍራላችሁ ብዬ ነው።"

ሰማችሁ፣ ወገኖቼ? ይህች ልጅ አለማንበቧ ብቻ አይደለም የጎዳት። እኛ "ትችያለሽ" ማለታችን ጎዳት! ማንበብ ያልቻለ ልጅ ገና ሊማር ይችላል። ሳይችል "ችለሃል" የተባለ ልጅ ግን መጠየቂያ አፍ የለውም። አፉን ማን ዘጋው? ደግ ሰው ዘጋው። ጨዋ ሰው ዘጋው። ማንንም ማስቀየም የማይወድ ሰው ዘጋው።

በእልፍነሽ አትፍረዱባት። እኔ ስፈራ የምፈራው ስለ እናንተም ስለ ራሴም ነው። ልጆቻችንን ለአስተማሪ ሰጥተናል፣ ለአስጠኚ ሰጥተናል፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ሰጥተናል። "እንዴት ነው?" ስንል "ጥሩ ነው" ይሉናል፤ እኛም ደስ ብሎን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን። ልጃችን መዝሙሩን በቃሉ ሲያወርደው እናጨበጭባለን። ገብቶታል ወይ? ማን ጠየቀው? አምላክ አደራውን ሲጠይቀን "ጥሩ ነው ብለውኝ ነበር" ልንለው ነው? ይህ መልስ ያስፈራኛል። እናንተን አያስፈራችሁም?

እንግዲህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ። ቁጣ የለም። ፈተና የለም። ጎረቤትም አትጥሩ። "ልጄ፣ የማታውቂውን ንገሪኝ፤ አላፍርብሽም" በሏት። ከዚያ ዝም በሉ። መልሷ ቢያስደነግጣችሁም እስክትጨርስ ድረስ ዝም ብላችሁ ስሟት።