የአቶ መንገሻ ቀስቶች

በአንድ መሥሪያ ቤት መጽሔት የምታዘጋጅ ምላሷ የሰላ ገጽ አቀናባሪ ነበረች። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አቶ መንገሻ ኮምፒዩተሯ ላይ አጎንብሰው የድርጅቱን መዋቅር የሚያሳየውን ሥዕል አዩ። የእሳቸው ፎቶ መሀል ላይ ሆኖ፣ ከየኃላፊው ፎቶ ቀጭን ቀስት ወደ እሳቸው ይሄዳል።

«ምን ዓይነት ኮሳሳ ቀስት ነው? ወፍራምና ቀይ አድርጊው፣ ጫፉም ይሹል! ሁሉም ወደ እኔ እንደሚመጣ በደንብ ይታይ!» አሉ።

እንዳሉት አደረገች። ኃላፊዎቹ ሊያዩ ተሰበሰቡና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አቶ መንገሻ ከየአቅጣጫው ተወግተው ጃርት መስለዋል።

«አንቺ! በቀስት ልትገድይኝ ነው? ዛሬውኑ ትባረሪያለሽ!» ብለው ጮኹ።

«ኧረ ጌታዬ፣» አለች፤ «እኔ ጫፉን ብቻ ነው የሳልኩት፤ ያነጣጠሩብዎት እነሱ ናቸው።»

አቶ መንገሻ እሷን ማባረሩን ረስተው ኃላፊዎቹን አንድ በአንድ ይገላምጡ ጀመር።