አቀንጭራ ያላወቀችው ዘፈን

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

ምነው፣ እራት አልበላችሁም እንዴ? ድምፃችሁ የታለ? እንደገና። «ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

እንዲህ ነው እንጂ። በድሮ ጊዜ፣ በአንድ ቆላ አገር፣ ጦይባ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ሦስት ልጆች አሏት። ትልቁ ሸምሱ፣ መካከለኛዋ ዘይነባ፣ ትንሿ ሉባባ ይባላሉ። አንድ የማሽላ ማሳም አላት። ማሽላው ሲያሸት ሁለቱ ትልልቆቹ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ። ወፍ መጠበቁስ ሰበብ ነው፤ ጥንቅሻ አገዳቸውን ሲመጠምጡ ነው የሚውሉት። ጦይባም ታውቃለች፤ አይታ እንዳላየች ትሆናለች።

ከመሬት በታች ግን አንዲት ጭራቅ ተኝታ ነበር። ስሟ አቀንጭራ ይባላል። ቀንድ የላትም፣ ጥርስ የላትም። ከመሬት በላይ ብቅ ስትል ሐምራዊ አበባ ለብሳ ነው፤ ብታዩዋት «ስታምር!» ትላላችሁ። ከታች ግን የማሽላውን ሥር ጠምጥማ ይዛ የሚበላውንና የሚጠጣውን ትነጥቀዋለች። ማሽላው ይጠወልጋል፣ ፍሬ ሳይይዝ ይቀራል።

አንድ ዓመት አቀንጭራ ነቃች። ማሽላው ጠፋ፣ ጎተራው ባዶ ሆነ። ጦይባ ሸምሱን ወንዝ ማዶ ላለው አጎቱ ሰጠችው። «ማሽላዬ ሲይዝልኝ እወስድሃለሁ» አለችው። በሁለተኛው ዓመት አቀንጭራ እንደገና መጣች። ዘይነባም ደጋ ወዳለችው አክስቷ ሄደች። በሦስተኛው ዓመት ጦይባ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳች ሐምራዊውን አበባ ስትነቅል ከረመች። ምን ዋጋ አለው! አቀንጭራ አበባ የምታወጣው ከታች በልታ ከጠገበች በኋላ ነው። ሉባባ ገና ጡት የጣለች ነበረች። እሷንም አንድ ሩቅ ዘመድ አህያ ላይ አስቀምጦ ወሰዳት።

ቤቱ ጭር አለ። ጦይባ ቆሎ ስትቆላ እጇ ለአራት ሰው ይዘግናል፤ ከዚያ የሦስቱን መልሳ ታፈሳለች። ሥራ ስትጨርስ ማማው ላይ ትወጣና ወንዝ ማዶ ስታይ ትውላለች። ናፍቆት ክፉ ነው ልጆቼ። ቢበሉ አያጠግብ፣ ቢተኙ አያሳርፍ።

በቀጣዩ ክረምት አንዲት እስስት ማማው ላይ ወጣች። ሌላ ሰው ቢሆን በድንጋይ ያባርራት ነበር። ጦይባ ግን ሰው ርቧታል። ሰው ሲጠፋ እስስትም ጎረቤት ናት ብላ፣ ነይ ተቀመጪ አለቻት። እስስቷ ግራ ገባት፤ እንዲህ ብሏት የሚያውቅ የለማ። አንዱን ዓይኗን ወደ ጦይባ፣ አንዱን ወደ ማሳው አደረገችና፣ «ጆሮሽን መሬት ላይ አድርጊ። ማሽላሽ ይዘፍናል» አለቻት።

ጦይባ ወርዳ ጆሮዋን መሬት ላይ አደረገች። እውነትም ማሽላው ከሥሩ ይዘፍናል። ቀጭን፣ ሆድ የሚያባባ ዘፈን ነው። እስስቷ ነገሩን አስረዳቻት። ማሽላ ከመሬት በታች አንድ ወዳጅ አለው፤ ነጭ፣ ከፀጉር የቀጠነ የሻጋታ ክር ነው። ወዳጁ የማሽላው ሥር የማይደርስበት ድረስ ሄዶ ምግብና ውሃ ያመጣለታል። ስለዚህ ማሽላ ሲርበው ወዳጁን በዘፈን ይጠራል። ያንኑ ዘፈን ግን አቀንጭራም ትሰማለች። ካልሰማችው ዓመት ከዓመት ትተኛለች፤ ከሰማችው ትነቃለች።

ጦይባ ምን ይሻላል አለች። እስስቷም ጀርባዬን ዳስሺኝ አለቻት። ጦይባ ዳሰሰቻት። አነሰች፤ አነሰች፤ ከጤፍ ፍሬ አነሰች። እስስቷ በምላሷ ላፍ አድርጋ አንዲት የማሽላ ዘር ውስጥ አስገባቻት።

በዘሩ ልብ ውስጥ ምን አለ መሰላችሁ? ረጅም ክር ላይ የተሰካ ጨሌ። እያንዳንዷ ጨሌ የየራሷ ሥራ አላት። አንዷ «ቀይ ሁን» ትላለች። አንዷ «ቁመትህ ይርዘም» ትላለች። አንዷ «አገዳህ ይጣፍጥ» ትላለች። ማሽላው እንዴት እንደሚዘፍን የሚነግሩትም አሉ። ትምህርት ቤት ስትገቡ አስተማሪዎቻችሁ ዘረ መል ይሏቸዋል። እኔ ግን ጨሌ ነው የምላቸው፤ ማንም አያርመኝ።

እስስቷ ከውጭ ሆና፣ አቀንጭራን የምትቀሰቅሰውን አንዲቷን ብቻ ፈልጊ፣ ሌላውን እንዳትነኪ ብላ አስጠነቀቀቻት። ጦይባ ግን ንዴት ይዟታል። የዘፈኑን ጨሌ ሁሉ ዘርግፋ ወጣች፤ ስትወጣም ወደ ቁመቷ ተመለሰች። ዘሩን ማሳው ዳር ተከለችው። አቀንጭራ አልነቃችም፤ ጦይባ እሰይ አለች። ዘፈን የሌለው ማሽላ ግን ወዳጁን መጥራት አልቻለም። ብቻውን ቆሞ ቀጨጨ። ጦይባ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ «እኔ እንኳ የልጆቼን ስም እጠራለሁ። አንተን መጥሪያ ነሳሁህ» እያለች አለቀሰች።

በሁለተኛው ክረምት ተጠንቅቃ ገባች። አንዲት ጨሌ ብቻ አወጣች። ምን ያደርጋል፣ ተሳስታለች! ያወጣችው የጣዕሙን ጨሌ ነበር። አገዳው እሬት ሆነ፣ አቀንጭራም እንደ ልማዷ መጣች። እናንተ ሳቁ፤ ጦይባ ግን አልሳቀችም። አንድ ዓመት ሄደ ማለት እኮ ሉባባ እናቷ ሳታያት አንድ ዓመት አደገች ማለት ነው።

በሦስተኛው ክረምት ጦይባ ፈራች። ጨሌውን ስነካካ የአባቶቼ ማሽላ መሆኑ ቢቀርስ አለች። እስስቷ አረንጓዴ ሆነች፣ ከዚያ ቡናማ ሆነች፣ «አሁንስ እስስት አይደለሁም?» አለቻት። ጦይባ ገባች። ምንም ሳትነካ ተቀመጠች። ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር አዳመጠች። ከዚያ ጨሌዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየዳሰሰች የሚሉትን ሰማች። አንዲት ትንሽ ጨሌ ላይ ስትደርስ ዜማው ሲታጠፍ ሰማች። እሷን ብቻ አወጣች። ዘፈኑ አልጠፋም፤ ዜማው ግን ትንሽ ተለወጠ።

ዘሩ በቀለ። ሲርበው ዘፈነ። ነጩ ወዳጁ ሰማ። ድምፁ ትንሽ ተለውጧል፣ ግን የኔው ሰው ነው ብሎ መጣ። አቀንጭራም ከእንቅልፏ ቀና አለች። «ይሄንን ዘፈን አላውቀውም። እኔን የሚጠራ አይደለም» አለች። ከዚያ ዞር ብላ ተኛች።

አንዲት ዘር ለማሳ ትበቃለች ወይ አትሉኝም? አትበቃም። መጀመሪያ አንድ አገዳ ሆነች። ጦይባ ፍሬዋን ለቅማ መደብ ላይ ዘራች። የመደቡን ለቅማ ማሳው ላይ ዘራች። ለጎረቤትም አካፈለች። ቀይነቱ ያው፣ ጣዕሙ ያው፣ የድሮው ማሽላቸው ነው። ልቧ ወንዝ ማዶ እያለ፣ ናፍቆቷን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች።

ማሳው ሲሞላላት ወንዝ ማዶም፣ ደጋም፣ ሩቁ ዘመድ ጋም መልእክት ላከች። ሸምሱ ጢም አቀምቅሞ መጣ። ዘይነባ በቁመት እናቷን በልጣ መጣች። ጦይባ እያገላበጠች ሳመቻቸው። በመጨረሻ ሉባባ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆመችና ጦይባን አየቻት።

«እትዬ፣ እባክዎ ውሃ ይስጡኝ» አለቻት።

አያችሁ? ረስታታለች። ጦይባም ውሃውን ሰጠቻት፣ አገዳ ልጣ ሰጠቻት። ሉባባ በላች፣ አመሰገነች፣ ጥግ ይዛ ተኛች። እንዲህ ሆነው ሰነበቱ። ጦይባ ልጇ አጠገቧ ተኝታ ልጇ ትናፍቃት ነበር።

አንድ ጠዋት ሉባባ ማሳው ውስጥ አገዳ ስትሰብር ንብ ነደፋት። ማንም አላስተማራት፣ ማንም አልነገራት።

«እማዬ! እማዬ፣ ነይልኝ!» አለች።

ጦይባ የያዘችውን ጣል አድርጋ ሮጠች።

ተረቱ ይኸው ነው። ዛሬ ደግሞ የዘርን ልብ ከፍተው ያቺን አንዲት ጨሌ የሚፈልጉ አዋቂዎች አሉ። ሥራቸው ባዮቴክኖሎጂ ይባላል። እነሱም እንደ ጦይባ ይሳሳታሉ፣ ይጠብቃሉ፣ እንደገና ይሞክራሉ። እናንተም ችግር ሲገጥማችሁ በንዴት ሁሉን አትዘርግፉ። ዝም ብላችሁ አዳምጡ፤ የጎዳችሁን ለዩና እሱን ብቻ አርሙ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በማሽላ እሸት አብሱ። አሁን ሂዱ፣ እናቶቻችሁ እየጠሯችሁ ነው።