የዳይሬክተሩ ቦይለር

ከመፍቻዋ ይልቅ ምላሷ የሚፈራ አንዲት የቦይለር ጠጋኝ ነበረች። አንድ ቀን የጋዝ ቦይለራቸውን ዓመታዊ ሰርቪስ እንድታደርግ ዳይሬክተር ጥላዬ ቤት ተላከች። ገና ክዳኑን ልትፈታ መሣሪያዋን ስትዘረጋ ዳይሬክተሩ ጋዋናቸውን እየጎተቱ መጡ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ፈትቼ ልጠርገው ነው፣ ጌታዬ። ሁለት ሰዓት ይፈጃል።»

«የምን ሁለት ሰዓት! ውኃው ይሞቃል፤ ድምፅ የለው፣ ሽታ የለው። ያልታመመ ነገር ምን ብሎ ሆዱ ይከፈታል? ላዩን ወልውዪና ‹ታይቷል› ብለሽ ፈርሚ። እምቢ ካልሽ አሁኑኑ አለቃሽ ጋ ደውዬ ከሥራ አስወጣሻለሁ!»

አለቃዋ ወዳጃቸው እንደሆነ ታውቃለች። የጭስ ማውጫው ተደፍኖ ከሆነ ደግሞ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ቤተሰቡን በሙሉ እንደሚጨርስ ታውቃለች። ብሩሿን ይዛ ዞር ስትል ኮሪደሩ ላይ የአየር መንገድ ወረቀት የተንጠለጠለበት ሻንጣ አየች።

«ከመንገድ ነው የመጡት፣ ጌታዬ?»

«ከባንኮክ» አሉ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «ለምርመራ በየዓመቱ እሄዳለሁ።»

«ውይ! ምን አመመዎት?»

«እኔን? ምንም! እንኳን ሕመም ጉንፋንም አያውቀኝ። ግን ብልህ ሰው ሳይታመም ነው የሚታየው። ሁለት ቀን ሙሉ ካሜራ አስገብተው አንጀቴን ሳይቀር ፈተሹልኝ።»

«አይ፣ ተመስገን» አለች፣ መፍቻዋን ከመሬት እያነሳች። «እኔ ደግሞ ሐኪሞቹ ኮትዎን ቦርሸው ‹ታይቷል› ብለው ፈርመው የሸኙዎት መስሎኝ ነበር።»