ጳጉሜን የማያውቀው ሲስተም

"ፈርም ብዬሃለሁ!" አሉኝ የልደት ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ውብሸት፣ ወረቀቱን ወደ እኔ እየገፉ። ወረቀቱ "ሲስተሙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" ይላል።

ምን አበላሸሁ? ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፤ የጠሩኝም ራሳቸው ናቸው። አስካለ የምትባል እናት ለልጇ የልደት ምስክር ወረቀት ሳምንት ሙሉ ተመላልሳለች። ልጁ የተወለደው ጳጉሜ አራት ነው። የውጭ ሰዎች የሠሩት ፕሮግራም ደግሞ የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው ቱግ አሉ።

"እኔ ሪባን ቆርጬ ያስመረቅኩት ሲስተም አይሳሳትም! አልተወለደም ካለ አልተወለደም! ወይ ፈርም፣ ወይ ፖሊስ እጠራለሁ።"

"እሺ ጋሼ፣ እፈርማለሁ። ብቻ አንገትዎ ላይ ያለውን መታወቂያ አንዴ ያውሱኝ።"

የልደት ቀናቸው ጳጉሜ ሦስት ይላል። ልክ ሳስገባው ስክሪኑ ላይ በቀይ "እንዲህ ያለ ቀን የለም" የሚል መጣ።

"ጋሼ፣ ሲስተሙ ካልተሳሳተ እርስዎም ገና አልተወለዱም። ታዲያ ላልተወለደ ሰው እንዴት አድርጌ ልፈርም?"

በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው አስካለ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። አቶ ውብሸት ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ወረቀቱን ቀደዱት።

"በል አንተ ዱርዬ፣ ቶሎ አስተካክለው! መጀመሪያ ልጁ ይወለድ፣ ቀጥሎ እኔ።"