በተቀበሉበት ክንድ

በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ሐጂ ሸረፈዲን የሚባሉ አዛውንት የግንብ ሥራ ተቋራጭ ነበሩ። ሶላታቸው ከጀመዓ አይቀርም፣ የሠራተኛ ዋጋም ላቡ ሳይደርቅ ይከፍላሉ። በቁመት ግን የሚስተካከላቸው አልነበረምና ፈተናቸው በዚያው በኩል መጣ።

በአገሩ ልማድ ግንብ የሚለካው በከፋዩ ክንድ ነበር። አንድ አጭር የጨው ነጋዴ የመጋዘኑን አጥር ለሐጂ ሰጠ። እሳቸው ደግሞ ከየክንዱ መጠነኛ ትርፍ ይዘው፣ ሰባት ዓመት አብሯቸው ለሠራው ግንበኛ ለእንድሪስ አስተላለፉት። እስከዚህ ሐላል ነው።

አጥሩ ሲያልቅ ነጋዴው ቁመቱን እያማረረ የመቶ ሃያ ክንድ ከፈለ። ሐጂ በረጅሙ ክንዳቸው ሲለኩት ያው አጥር መቶ ሆነ። እንድሪስ የመቶውን ተቀብሎ ለረዳቶቹ ሲያከፋፍል፣ የተረፈው የሳምንት እህል እንኳ አይገዛም ነበር። ሚስቱ ደግሞ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። ቢሆንም ልማድ ነውና መርቋቸው ሄደ።

ሐጂ ያን ዕለት ምሳ አልወረደላቸውም። ሃያውን ክንድ የገነባው እንድሪስ፣ የበሉት እሳቸው! የሰባት ዓመቱን አጥር ሁሉ አስበው የጎደለውን ልክፈል አሉ። ወንድማቸው ሊያጽናናቸው ሞከረ፤ ሰውዬው ወዶ የገባበት ነው፣ ያለፈውን ሁሉ ልክፈል ካልክ በቅሎህም አትተርፍህም አላቸው። እውነቱን ነበር፤ በቅሎዋ በማግስቱ ገበያ ወጣች።

ገንዘቡን ይዘው እንድሪስ ደጅ ቢቆሙ እንድሪስ እጁን ሰበሰበ።

«ሐጂ፣ እኔ እኮ አልጠየቅሁም።»

«አለመጠየቅህ ነው ያስፈራኝ ልጄ። ነገ አላህ ፊት ትጠይቀኛለህ። ሐቅህን ተቀበለኝና አፉ በለኝ።»

እንድሪስ እያለቀሰ ተቀበላቸው፣ አፉም አላቸው። ከዚያ ወዲህ ልማዱን ለሚያነሳባቸው ሁሉ የሐጂ መልስ አንድ ነበር፤ «በተቀበልኩበት ክንድ እከፍላለሁ።»

ወገኖቼ፣ ቁርኣን ሲቀበሉ አስሞልተው ሲሰጡ የሚያጎድሉትን «ወዮላቸው» ይላል። ሐጂ ሲያጎድሉ አልታወቃቸውም፤ ልማዱ ሸፍኖባቸው ነበር። ዛሬም ትልቁ ድርጅት ሥራውን ለትንሹ ሲያስተላልፍ፣ ትንሹ ከስሮ ቢወጣ «ፈርሞ የለም ወይ?» እንላለን። አዎ፣ ፈርሟል። ሰው ግን ሲቸግረው ምን የማይፈርመው አለ?