በአደባባይ የተጠየቀ ድሃ

አንድ ሸማኔ ነበረ፤ ከአሮጊት እናቱ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ይኖር ነበር። ሐረገወይን ልጄ፣ ለጥያቄሽ ከዚህ ሰው የተሻለ መልስ የለኝም። «የጤና መድኑን መዋጮ ቀነስን፤ ምንም ለሌላቸው ደግሞ ጭራሽ አነሳንላቸው። ታዲያ እትዬ፣ ድሆቹ ለምን አይመዘገቡም?» ብለሽኛል። እንግዲህ ስሚኝ።

የሸማኔው እናት ዓይነ ስውር ነበሩ። ስኳር በሽታ ይዟቸው እግራቸው ቆስሏል። ሸማኔው ገበያ ጠፍቶበት ክር መግዣ አጣ። ሆኖም በየጠዋቱ ክር የሌለበት የሽመና ዕቃ ላይ ተቀምጦ ይመታ ነበር፤ እናቱ ድምፁን ሰምተው ሥራ ያለው እንዲመስላቸው።

ግድግዳ የምትጋራው ጎረቤቱ አንዲት ላጤ አስተማሪ ነበረች። እሷም ሥራ ያለው ይመስላት ነበር። አንድ ቀን በሩ ገርበብ እንዳለ ስታልፍ እጁ በባዶው ዕቃ ላይ ሲመላለስ አየች። አየችኝ ብሎ እንዳያፍር አንገቷን ደፍታ አለፈች። ከዚያ ወዲህ ያ ድምፅ በግድግዳው በኩል ሲመጣ የምትገባበት ይጠፋት ነበር።

የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ብድግ ብሎ፣ «የድሃ ድሃ የሆኑትን መዋጮ መንግሥት ሊከፍልላቸው ነው። የድሃ ድሃ የሆነ እጁን ያውጣ!» አለ። ማንም አላወጣም።

«ራስህ አውጣ እንጂ! የዕድሩን ክፍያ በየወሩ የምንለምንህ አይደል እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

«ሸማኔውስ? እናቱ እኮ ታመዋል» አሉ አንዲት እናት።

«ኧረ ይተዉት እማማ! አገሩን ሁሉ የሚያለብስ ሰው ምን ጎደለው?» አለ አንድ ጎረምሳ። ሳቁ እንደገና ተነሳ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ሸማኔው ተነሳና ጋቢውን አስተካከለ። «ተመስገን ነው። ከእኔ የባሰ አለ፤ ለባሰው ስጡት» ብሎ ተቀመጠ። «ጨዋ ሰው!» ተባለለት። ስብሰባው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ።

አስተማሪዋ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። ልትናገር አፏን ከፈተች። ግን «አንቺ የወንደላጤ ጓዳ በምን አወቅሽ?» ቢሏትስ? መልሳ ዘጋችው።

እናቲቱ ክረምቱን አልዘለቁም። ሐኪም ቤት የደረሱት ቁስሉ ከእግራቸው አልፎ ሰውነታቸውን ከመረዘ በኋላ ነበር። ሸማኔው እናቱን ቀብሮ፣ ቁልፉን ለአከራዩ መልሶ ሄደ። ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። አስተማሪዋ ግን ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው አጠገብ ቆማ ታዳምጥ ነበር።

ልጄ፣ አስተማሪዋ እኔ ነኝ። እወደው ነበር። ይህን ለእሱም ሆነ ለሌላ ሰው ነግሬ አላውቅም፤ አሁንም ስነግርሽ ዓይንሽን ማየት አቅቶኛል። «ለምን አላገባሽም?» የሚሉኝን ሁሉ በሳቅ እያለፍኩ ይኸው ፀጉሬ ሸበተ። የነገርኩሽ ግን እንድታዝኚልኝ አይደለም።

የእናንተም የመድን ሥራ እንደዚያ ስብሰባ ነው። መዋጮውን ከድሃው ኪስ አንስታችሁ ፊቱ ላይ ጣላችሁት። ገንዘብ ላጣ ሰው በሰው መካከል ቀና ብሎ መሄድ የመጨረሻ ሀብቱ ነው፤ እናንተ ደግሞ በእሱ ክፈል አላችሁት። ቀነስንለት ትላላችሁ እንጂ አልቀነሳችሁለትም። በፊት የጠየቃችሁትን ብርማ ተበድሮም ይሰጣችሁ ነበር።

በስብሰባ እጅ አታስወጡ። ቤቱ ድረስ ሂጂ፤ አንኳኪ፤ ብቻውን ሲሆን ጠይቂው። ደህና ነኝ፣ ለሌላ ስጡ ካለሽም አትመለሺ። እሺ እስኪልሽ ደጁ ላይ ቁጭ በዪ። ሰው ቢያይሽም ይይሽ።